የዳህላክና የኵሓ የመቃብር ጽሑፎች፦ ስለ ዋጋቸውና ስለ ባለቤታቸው የተደረገ ምልልስ

ተጠራጣሪው፦ ከምጽዋ ፊት ለፊት ከተዘረጉት ደሴቶች ትልቁ በሆነው በዳህላክ ከቢር ላይ ዐረብኛ የተቀረጸባቸው ከ200 በላይ የመካከለኛው ዘመን የመቃብር ድንጋዮች መመዝገባቸው፣ ከመቀሌ በስተምሥራቅ ባለችው በኵሓም የእነርሱ ወገን የሆኑ ድንጋዮች መገኘታቸው አያከራክርም። የሚያከራክረው እነዚህን ድንጋዮች የባህል ቅርስ ብሎ መሰየም ነው፤ ምክንያቱም ዕድሜ ብቻውን አንድን ነገር ቅርስ አያደርገውም። የጽሑፎቹ ይዘት ደግሞ እጅግ ተመሳሳይ ነው፦ በአላህ ስም ይጀምራሉ፣ ከቁርኣን ጥቂት አንቀጾችን፣ ብዙ ጊዜም ሱረቱል ኢኽላስን ወይም አያተል ኩርሲን ያስከትላሉ፣ የሟቹን ስም ከነአባቱና ከነአያቱ ይጠራሉ፣ የሞተበትን ቀን፣ ወርና ዓመት ይናገራሉ፣ ምሕረት ለምነውም ያበቃሉ። አንዱን ያነበበ ሰው ሌላውን በማንበቡ የሚጨምረው ዕውቀት ምንድን ነው?

ተሟጋቹ፦ አንዱ ድንጋይ ለብቻው ቢወሰድ የሚጨምረው በእርግጥ ጥቂት ነው፤ የድንጋዮቹ ዋጋ ግን የሚታየው በተርታ ሲነበቡ ነው። ከ10ኛው እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ አንድ ደሴት ሟቾቹን ከነዘር ሐረጋቸውና ከነዕለተ ሞታቸው እየጻፈ ሲቀብር ኖሯል። ስለ ዳህላክ የዐረብ ጸሐፊዎች የተዉት ወሬ በአብዛኛው ከውጭ የታየ ነው፤ ለምሳሌ በ8ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኡመያ ኸሊፋዎች ባለቅኔውን አል አህወስን ያጋዙት ወደዚያ በመሆኑ ደሴቲቱ በእነርሱ ዘንድ የስደትና የግዞት ምድር ሆና ተሥላለች። ድንጋዮቹ ግን ከውስጥ ይናገራሉ። በ486 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1093 ገደማ ያረፈ ሙባረክ የተባለ ሰው በመቃብሩ ድንጋይ ላይ «ሱልጣን» ተብሎ ተጠርቷል፤ ከእርሱ በኋላም ይህን ማዕርግ የያዙ ሌሎች ተከትለውታል። የዳህላክ ሱልጣኖች ተከታታይነት ዛሬ የሚታወቀው በዋነኛነት ከዚህ የመቃብር ስፍራ ነው። ዜና መዋዕል ያልተጻፈለት መንግሥት የነገሥታቱን ስም ያስቀመጠው በመካነ መቃብሩ ላይ ብቻ ከሆነ፣ መቃብሩ የዜና መዋዕሉን ቦታ ወስዷል ማለት ነው።

ተጠራጣሪው፦ ይህ ለሱልጣኖቹ ድንጋይ ይሠራል። የቀሩት ነጋዴዎች፣ የነጋዴ ሚስቶችና ልጆች ናቸው፤ ስማቸው በሌላ በየትም ሰነድ የማይገኝ ሰዎች የታሪክ ምስክር የሚባሉት በምን ረገድ ነው?

ተሟጋቹ፦ በሌላ ሰነድ አለመገኘታቸው ራሱ ድንጋዮቹን የማይተኩ ያደርጋቸዋል፤ በተለይም የሴቶቹን። የመካከለኛው ዘመን የቀይ ባሕር ታሪክ የተጻፈው ስለ ወንዶች፣ ስለ መርከቦቻቸውና ስለ ዕቃዎቻቸው ሲሆን፣ በዳህላክ ድንጋዮች ላይ ግን ብዙ ሴቶች የእገሌ ልጅ ተብለው፣ አያትና ቅድመ አያት ተቆጥሮላቸው፣ ከወንዶቹ ጋር አንድ ዓይነት ጸሎት ተጽፎላቸው ይገኛሉ። ይህም ደሴቲቱ ወንዶች ለንግድ ደርሰው የሚመለሱባት መርከብ ማሳረፊያ ብቻ ሳትሆን ቤተሰብ የተመሠረተባት፣ ትውልድም የቀጠለባት አገር እንደነበረች ያስረዳል። ከዚህ በላይ የሟቾቹ ስም ብዙ ጊዜ በኒስባ ይደመደማል፤ ኒስባ ማለት ሰውዬው ወይም አባቶቹ የመጡበትን አገር፣ ነገድ ወይም የያዙትን ሙያ የሚያመለክት ቅጥያ ስም ነው። ከመካከለኛው ዐረቢያ ከየማማ ምድር መምጣትን የሚያመለክተው «አል የማሚ» የተባለው ኒስባ በዳህላክ ድንጋዮች ላይ ተነብቧል፤ በኵሓ ድንጋዮች ላይም ተነብቧል። ከባሕሩ እስከ ትግራይ ደጋ ያለውን አቀበት የወጣው ሸቀጡ ብቻ እንዳልሆነ፣ ሰዎቹም ወጥተው በዚያው እንደተቀበሩ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማግኘት ያዳግታል።

ተጠራጣሪው፦ እንግዲህ ጉዳዩ ወደ ኵሓ ከመጣ ተቃውሞው ይበረታል። በኵሓ የተቀበሩት ሰዎች ከዐረቢያ የዘር ሐረግ የሚቆጥሩ፣ በዐረብኛ የሚጽፉ፣ ለንግድ የመጡ እንግዶች ነበሩ ከተባለ፣ የእንግዳ መቃብር የአገሬው ቅርስ የሚሆነው እንዴት ነው? በደጋው የኖረው ሕዝብ ቋንቋው ሌላ፣ ፊደሉ ሌላ፣ በአብዛኛውም ሃይማኖቱ ሌላ ነበር፤ በመቃብር ላይ የመጻፍ ልማዱም ብዙ አልነበረውም።

ተሟጋቹ፦ ልማዱ ጥቂት ነበር ማለት ይቻል ይሆናል፤ ፈጽሞ አልነበረም ማለት ግን አይቻልም። ዛሬ በኤርትራ ውስጥ በሚገኘው በሐም ለአንዲት ክርስቲያን ሴት በግእዝ የተቀረጸ የመቃብር ጽሑፍ አለ፤ ሊቃውንት ስለ ዘመኑ ቢከራከሩም በ9ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የሚያስቀምጡት አሉ። የሐምዋ ሴትና የዳህላክ ሴቶች በሃይማኖት ቢለያዩም፣ ስማቸውን በድንጋይ ለማስቀረት የደከመላቸው ቤተሰብ ግን ለሁሉም ነበራቸው። ስለ እንግድነት የተነሣው ነጥብም ከዘመኑ ጋር መታየት አለበት። የኵሓ ድንጋዮች በአብዛኛው የ11ኛውና የ12ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው፤ ይህ ዘመን ከአክሱም መውደቅ በኋላ ያለውና ወደ ዛጉዌ የሚያደርሰው፣ በዘመኑ የተጻፈ ሰነድ እጅግ ጥቂት የሆነበት ጊዜ ነው። በደጋው ላይ ቀን፣ ወርና ዓመት ተጽፎባቸው ከዚያ ዘመን የተረፉ ጽሑፎች በሚቆጠሩበት ጊዜ እነዚህ የሙስሊም መቃብሮች ከፊተኞቹ ተርታ ይገኛሉ። ስለዚህ ስለ ሙስሊሞቹ ብቻ ሳይሆን በክርስቲያኖች ምድር መካከል እንዲኖሩ፣ እንዲነግዱና ሙታናቸውን በገዛ ሥርዓታቸው እንዲቀብሩ ስለፈቀደው አገርም ይመሰክራሉ። ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ ልጅና የልጅ ልጅ የቀበረ ማኅበረሰብ እንግዳ የሚባልበት ዘመን መቼ ነው የሚያበቃው?

ተጠራጣሪው፦ ጥያቄው ስሜት ይነካል፤ ሆኖም ዐረቢያን የሚጠራ ኒስባ በድንጋዩ ላይ መጻፉ ሰዎቹ ራሳቸው ከውጭ መምጣታቸው እንዲታወቅላቸው መፈለጋቸውን ያሳያል።

ተሟጋቹ፦ መነሻን ማስታወስና አገርን አለመውደድ አንድ አይደሉም፤ ደግሞም ባሕሩ በዚያ ዘመን ድንበር አልነበረም። በ11ኛው ክፍለ ዘመን የየመኗን ዘቢድን የገዙት የነጃሕ ልጆች ከሐበሻ ባሮች የተወለዱ ሲሆኑ፣ በጠላቶቻቸው በተሸነፉ ጊዜ የተሸሸጉት በዳህላክ ነው። ከሐበሻ የሄደው በየመን ሲነግሥ፣ ከዐረቢያ የመጣው በትግራይ ሲቀበር የኖረበትን ዓለም በዛሬ የዜግነት መለኪያ መከፋፈል ታሪኩን ማጥበብ ነው።

ተጠራጣሪው፦ ይሁን፤ ከዚህ ይልቅ የሚከብድ ሌላ ተቃውሞ አለ፤ እርሱም የሚመነጨው ከሟቾቹ ከራሳቸው ሃይማኖት ነው። መቃብርን በኖራ መለሰንን፣ በላዩ መገንባትንና መጻፍን የሚከለክሉ ሐዲሶች፣ ማለትም ከነቢዩ የተወረሱ ቃላትና ሥራዎች ዘገባዎች፣ ተላልፈዋል። ብዙ አማኝ መቃብር ከመሬት እኩል ሆኖ ያለ ጌጥ እንዲቀር ይሻል። እንግዲህ የቅርስ ሰዎች መጥተው ድንጋዩን ሲያከብሩ፣ በአጥር ሲከልሉ፣ ጎብኚ ሲጠሩበት፣ ሃይማኖቱ ሊያስቀር የፈለገውን የመቃብር ማክበር በሌላ በር እያስገቡ አይደለምን?

ተሟጋቹ፦ ይህ ተቃውሞ በአክብሮት መታየት ያለበት ነው። ቢሆንም የድንጋዮቹ ዘመን ሊቃውንት ራሳቸው ተነጋግረውበታል። በ405 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም በ1014 ያረፉት የኒሳቡሩ የሐዲስ ሊቅ አል ሐኪም የክልከላውን ዘገባ ሰንሰለት ትክክለኛ ብለው ከተቀበሉ በኋላ፣ በተግባር ግን ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ ያሉ የሙስሊም ኢማሞች መቃብር ተጽፎበት እንደሚገኝና ይህም ከቀደምቶች የተወረሰ ልማድ እንደሆነ አስታውቀዋል። እርሳቸው ይህን ባሉበት ዘመን በዳህላክ ጠራቢው ድንጋይ ላይ ነበር። በተጨማሪም አንድን ጽሑፍ አንብቦ መመዝገብ መቃብሩን ማምለክ አይደለም፤ በጽሑፉም ላይ የሚበዛው ምስጋናና ልመና የሚቀርበው ለሟቹ ሳይሆን ለፈጣሪ ነው።

ተጠራጣሪው፦ የአል ሐኪም ቃል ልማዱ እንደነበረ ያስረዳል እንጂ ዛሬ በአካባቢው የሚኖረው አማኝ ያን ልማድ እንዲቀበል አያስገድደውም። ይህን ለጊዜው እናቆየውና ስለ ንባቡ አስተማማኝነት እንነጋገር። ጽሑፎቹ የዘመኑ ምስክር ናቸው የሚባለው ቀናቸው በእርግጠኝነት ሲነበብ ነው፤ የጥንቶቹ ድንጋዮች የተጻፉበት ኩፊ የተባለው ማዕዘናዊ የዐረብኛ አጻጻፍ ግን ነጥብ የለውም። ነጥብ ከሌለ ደግሞ ሰባትና ዘጠኝ እንኳ ይምታታሉ።

ተሟጋቹ፦ መምታታቱ እውነት ነው፤ እንዴት እንደሚፈታ ማየትም የዚህን ሙያ ጥንቃቄ ያሳያል። በእነዚህ ድንጋዮች ላይ ዓመቱ የሚጻፈው በአኃዝ ሳይሆን በቃላት ነው። ሰባት በዐረብኛ «ሰብዕ»፣ ዘጠኝ ደግሞ «ቲስዕ» ሲሆኑ፣ ነጥቡ ሲቀር ሁለቱም በአራት ትንንሽ ጥርሶችና በመጨረሻው «ዐይን» ፊደል ይጻፋሉ። በሰባት ሦስቱ ጥርሶች አንድ ፊደል ሆነው ይቀድሙና አንዲቱ ትከተላለች፤ በዘጠኝ ደግሞ አንዲቱ ትቀድምና ሦስቱ ይከተላሉ። ሰባና ዘጠናም እንዲሁ ስለሆኑ አንድ ስሕተት የሟቹን ዕለት በ20 ዓመት ያዛባል። አንባቢው ጠራቢው ለብቻ የቆመችውን ጥርስ ከሦስቱ ከፍ አድርጎ እንደሆነ ይመረምራል፤ ይህ ካልረዳው የፊደሉን ቅርጽ ቀኑ ከማያጠራጥር ሌላ ድንጋይ ጋር ያስተያያል፤ የሳምንቱ ቀን ተጽፎ ከተገኘም ከወሩ ቀን ጋር የሚገጥመው በየትኛው ዓመት እንደሆነ ያሰላል። እንግዲህ አንዱ ድንጋይ የሚነበበው በሌላው ድንጋይ እርዳታ ነው፤ ከተርታው ጥቂቶቹ ሲጠፉ የቀሩትም ንባብ ይደክማል።

ተጠራጣሪው፦ ይህ ከሆነ የሚያስፈልገው ንባቡና ምስሉ እንጂ ድንጋዩ አይደለም። የጽሑፈ ድንጋይ አጥኚዎች ከድሮ ጀምሮ እርጥብ ወረቀት በድንጋዩ ላይ በብሩሽ እየደበደቡ፣ ሲደርቅ የፊደሉን ጎድጓዳና ጉብታ የያዘ ቅጂ ይወስዱ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ በፎቶግራፍ ሦስት ገጽታ ያለው ምስል በኮምፒዩተር ይሠራል። ዳህላክ የተጠናችው በዚህ መንገድ ነው፤ የጣሊያናዊው የጆቫኒ ኦማን ሥራ በ1976 ታትሟል፣ ፈረንሳዊቷ ማድሌን ሽናይደርም በ1983 መጽሐፍ አሳትመዋል። ጽሑፉ ከዳነ ድንጋዩ ቢፈርስ ምን ይጎድላል?

ተሟጋቹ፦ የላይኛውን ግብፅ የአስዋንን መካነ መቃብር ማየት ለዚህ መልስ ይሰጣል። በዚያ የነበሩት በርካታ የመቃብር ጽሑፎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ተነቅለው ወደ ካይሮ ተወስደዋል፤ ጽሑፎቹ ድነዋል፣ ታትመዋልም። የትኛው ድንጋይ ከየትኛው መቃብር ላይ እንደተነሣ ግን አልተመዘገበም። ከዚህም የተነሣ ቀናቸው የተጻፈባቸው ድንጋዮች በሙዚየም፣ ጉልላት ያላቸው መቃብሮች ደግሞ በበረሃው ቀርተው፣ አንዱ ለሌላው ሊመሰክር በማይችልበት ሁኔታ ተለያይተዋል፤ የሕንፃዎቹም ዕድሜ በግምት ተንጠልጥሏል። የተነበበውን ማተም ቃሉን ያድናል፤ ማን ከማን አጠገብ እንደተቀበረ፣ ልጅ በአባቱ ግርጌ ይሁን ከነጋዴ ጓደኞቹ መካከል፣ የሴቶቹ መቃብር ለብቻው ይሁን ከባሎቻቸው ጎን፣ ይህን ሁሉ የሚያውቀው ቦታው ነው። የድንጋዩም ዓይነት ይናገራል፤ ዳህላክ የኮራል ደሴት ሆና ሳለ ብዙዎቹ ጽሑፎች የተቀረጹት በጥቁር ባዛልት፣ ማለትም በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ስለሆነ፣ ድንጋዩ ራሱ በባሕር ተጭኖ የመጣ ዕቃ ነው። ይህ በወረቀት ቅጂ ላይ አይታይም።

ተጠራጣሪው፦ ቦታው ይህን ያህል የሚናገር ከሆነ ዘግይቷል፤ የዳህላክ ድንጋዮች ከተበተኑ ቆይተዋል። ጣሊያን ውስጥ በሞዴና አሉ፣ ፈረንሳይ ውስጥ በባርለዱክ አሉ። የተወሰዱትም የባህል ንብረት ሕገ ወጥ ዝውውርን የሚከለክለው የ1970ው የዩኔስኮ ስምምነት ከመውጣቱ ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ ስምምነቱም ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም። በዚህ ላይ ዳህላክ በኤርትራ፣ ኵሓ በኢትዮጵያ ነው፤ ሟቾቹ ዐረቢያን ይጠራሉ፣ ድንጋዩ በአውሮፓ ሙዚየም ቆሟል። ባለቤቱ ያልታወቀን ነገር ማን ይጠብቀዋል?

ተሟጋቹ፦ ባለቤቱ ብዙ መሆኑ ባለቤት የለውም አያሰኝም። ስቴችቺ የተባሉት የባልካን የመካከለኛው ዘመን የመቃብር ድንጋዮች በቦስኒያና ሄርዞጎቪና፣ በክሮኤሺያ፣ በሞንቴኔግሮና በሰርቢያ ተበትነው ይገኛሉ፤ እነዚህ አራት አገሮች በቅርብ ዘመን መራራ ጦርነት ያሳለፉ ናቸው፣ ከድንጋዮቹ ሥር የተቀበሩትም የተለያየ የክርስትና እምነት የነበራቸው ሰዎች ናቸው። ይሁንና አራቱ መንግሥታት በአንድ ማመልከቻ ቀርበው በ2016 28 የመቃብር ስፍራዎችን በዓለም ቅርስ መዝገብ አስገብተዋል። ኢትዮጵያና ኤርትራ ለዳህላክና ለኵሓ እንዲህ ያለ ሥራ ቢሠሩ የሚያጡት ነገር የለም። የጢያ ትክል ድንጋዮች ከ1980 ጀምሮ በዚሁ መዝገብ ላይ ናቸው፤ በጢያ ካሉት 36 ድንጋዮች 32ቱ የሰይፍና የሌላ ምልክት ቅርጽ አላቸው፣ የምልክቶቹ ትርጉም ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል። ትርጉሙ የሚያከራክረው ድንጋይ ይህን ክብር ካገኘ፣ የሟቹን ስምና ዕለት በግልጽ የሚናገረው ድንጋይ ቢያንስ እኩል ጥበቃ ይገባዋል። እርግጥ የተበተኑትን ማስመለስ ረጅም መንገድ ነው፤ በሞዴና ያለው ድንጋይ በዳህላክ ካለው ጋር በአንድ መዝገብ ላይ እንዲነበብ ለማድረግ ግን የባለቤትነት ክርክሩ እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልግም።

ተጠራጣሪው፦ እስካሁን ከቀረቡት መልሶች ሁሉ የጎደለ አንድ ሰው አለ፤ እርሱም በድንጋዩ አጠገብ የሚኖረው ገበሬ ነው። ስለ እነዚህ ጽሑፎች የተጻፈው በአብዛኛው በጣሊያንኛና በፈረንሳይኛ ነው። በኵሓ አቅራቢያ በሚገኘው በቢለት የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ የቅርስ መሥሪያ ቤት ጋር ሆነው ከ2018 ጀምሮ ቁፋሮ አድርገዋል፤ ውጤቱም ለዓለም አንባቢ ቀርቧል። ለገበሬው የደረሰው ግን ክልከላው ነው። እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዛል፤ ባሳወቀ ጊዜ ማሳው ቢከለልበት የሚያጣውን የሚያውቀው እርሱ ነው። ለዚህ ሰው ድንጋዩ የሌሎች ሃይማኖት፣ የሌሎች ቋንቋ፣ የሌሎች ጥቅም ነው። ከዚያም ጦርነት ሲመጣ ሁሉም አብሮ ይጎዳል፤ በ2020 መጨረሻ በትግራይ ያለው የነጃሺ መስጊድ ሲመታ ዝናው አላዳነውም፣ ስም የሌለው የእርሻ ዳር ድንጋይማ ምን ይጠብቀዋል? ቅርስ የሚባለው ሕዝብ የሚያስታውሰው ከሆነ፣ ማንም የማያነበው ጽሑፍ ቅርስነቱ በምሁራን ዘንድ ብቻ ነው።

ተሟጋቹ፦ የዚህ ተቃውሞ ግማሹ ክስ ነው፣ ክሱም ተገቢ ነው። ጽሑፎቹ በትግርኛና በአማርኛ ተተርጉመው፣ በየትምህርት ቤቱ የአካባቢ ታሪክ ሆነው መቅረብ ነበረባቸው፤ በማሳው ላይ ድንጋይ ያገኘው ሰውም ለታማኝነቱ ካሣ እንጂ ኪሳራ ሊደርስበት አይገባም። የቀረው ግማሽ ግን ተቀባይነት የለውም። ማንም የማያነበው የሆነው ጽሑፉ የሚናገረው ስለሌለው አይደለም፤ ንባቡን ለአገሬው ሰው የመለሰለት ስለሌለ ነው። በኵሓ የሚኖር ተማሪ ከዘጠኝ መቶ ዓመት በፊት በዚያው መሬት ላይ የሞተን ሰው ስም፣ የአባቱን ስምና ዕለቱን አውቆ፣ ያም ሰው ሙስሊም፣ ጎረቤቶቹም ክርስቲያኖች እንደነበሩ ቢማር፣ አብሮ መኖር ስለሚባለው ነገር ከብዙ ንግግር የበለጠ ይረዳል።

ተጠራጣሪው፦ «ቢማር» የተባለው ሲፈጸም ተቃውሞው ይነሣል። እስከዚያው ግን ቅርስ የሚለው ስም ለድንጋዮቹ የተሰጠ ተስፋ እንጂ የተረጋገጠ ነገር አይደለም።

ተሟጋቹ፦ ተስፋውም ቢሆን ድንጋዩ በቦታው ካልቆየ አይፈጸምም። ስለዚህ በማሳው፣ በግቢው ቅጥር ወይም በመንገድ ሥራ ላይ የተጻፈበት ድንጋይ ያየ ሰው ድንጋዩን አያንሣው፣ አይፋቀው፣ ፊደሉ እንዲታይ ብሎም ኖራ ወይም ቀለም አይቀባው፤ ከጎን ብርሃን ሲያርፍበት፣ በማለዳ ወይም ወደ ማታ፣ በስልኩ ፎቶግራፍ ያንሣው፣ በዙሪያው ያሉትንም ድንጋዮች ጨምሮ ያንሣ፣ ቦታውንም ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳውቅ።